ድርብ፣ ነጠላ፣ ገብስማ

አሜሪካን አገር የሚኖር አብሮ አደጌ፣ የውቤ በረሃ ልጅ፣ ለእረፍት መጥቶ ቡና ስንጠጣ በስልኩ የእባብ ፎቶ አሳየኝ። ጎረቤቱ ያራባው ነው፤ ገላው ቢጫና ነጭ፣ ዓይኑ ቀይ። «በስመ አብ!» ብዬ አማተብኩ። ዋጋውን ሲነግረኝ ደግሜ አማተብኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ሲደነግጥ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ራሱን የሚደብቅ ትንሽ ዘንዶ አለ። ተፈጥሮው ጥቁርና ቡናማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ አሜሪካዊ አርቢ ጥቁረት የሌለውን ዘንዶ አዳቅሎ መልኩ ለልጅ እንደሚተላለፍ ካሳየ ወዲህ፣ ቀለም በቀለም ማጋባት ትልቅ ንግድ ሆነ። «ሸረሪት» የሚሉት ጥለት ግን ራስ የሚያወዛውዝ ሕመም አብሮት ይወረሳል። ይህንም እያወቁ ያራቡታል።

«ሰዎቹ ሥራ ፈተዋል» አልኩት። ወዳጄ ሳቀብኝ፤ «አያትህ ዶሮ ሲገዙ ረሳኸው?»

አልረሳሁም። የፋሲካ ሰሞን ወደ አትክልት ተራ ስንሄድ ዘንቢሉን የምይዘው እኔ ነበርኩ። (አትክልት ተራ ያን ጊዜ ገና ፒያሳ ነበር፤ የተነሣው በ2012 ዓ.ም. ነው።) አያቴ አውራውን በእጇ ትመዝናለች፣ ደረቱን በአውራ ጣቷ ትጫናለች፣ ከዚያ አናቱን ታያለች። የአናቱ ቀይ ሥጋ እንደ መጋዝ ጥርስ በአንድ ረድፍ ከቆመ «ነጠላ ነው» ብላ ትመልሰዋለች። ዝቅ ብሎ የተደራረበ ከሆነ ክርክሩ ይጀመራል። ነጋዴውም ያውቃል፤ «እማማ፣ ቀይ ድርብ እኮ ነው! ይህን ትቼ ሌላ ልስጥዎት?» ይላታል። ጥቁር ከሆነ ቢሰባም አትነካውም። አንድ ቀን እኔ ጥቁርና ነጩ እንደ ገብስ የተደባለቀውን ገብስማ ብጠቁማት እጄን መታ አድርጋ «ያ የሌላ ሰው ነው» አለችኝ። የማን እንደሆነ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው፤ ጠንቋይ አዝዞለት፣ ገብስማ ወይም ጥቁር ዶሮ ፍለጋ ገበያውን ሲያስስ የሚውል ሰው ነበረ። እንዲህ ያለ ደንበኛ ዋጋ አይከራከርም።

ዶሮ አገራችን የገባችው ትናንት አይደለም። በትግራይ መዝብር በተባለ ጥንታዊ መንደር ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ የዶሮ አጥንት በቁፋሮ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ ገብስማ፣ ዝግርማ፣ ወሰራ እያልን ለላባዋ ስም አውጥተንላታል፤ የስሙ ብዛት ምን ያህል አተኩረን እንዳየናት ይመሰክራል። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ በነበረበት በምኒልክ ዘመን፣ ጣሊያን በወረራው ጊዜ ወደ መርካቶ ሳይገፋው በፊት፣ የከተማዋ ገዢና ባላገሩ የሚገናኙት እዚያ ነበር። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1902፣ ዊሊያም ቤትሰን የተባለ የካምብሪጅ ሊቅ ሜንዴል በአተር ያገኘው የውርስ ሕግ በእንስሳትም ላይ እንደሚሠራ አሳየ። ማስረጃው ምን መሰላችሁ? የዶሮ አናት! ንጹሕ ዘር ያለው ድርብ ከነጠላ ጋር ሲዳቀል ጫጩቶቹ ድርብ ይሆናሉ፤ ነጠላነቱ ግን ተደብቆ ቆይቶ በልጅ ልጅ ብቅ ይላል። እንግዲህ እኛ ዋጋ ያወጣንለትን ነገር ሊቁ ሕግ አወጣለት ማለት ነው።

ታዲያ እኛም እንደ እባብ አርቢው ነን? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣመመው። እባብ አርቢው ያማረውን ለዘር ያስቀራል። እኛ ያማረውን እንበላለን። ባላገሯ ሴት ትልቁን፣ ቀዩን፣ ድርቡን አውራ ለበዓል ስታወጣው ጨውና ሳሙናዋን፣ የልጇን ደብተር ታገኝበታለች፤ ማንም ሊፈርድባት አይችልም። ግን በግቢዋ ከዶሮዎቿ ጋር የሚቀረው አራዳ ያልፈለገው ነው። ከተማው በእያንዳንዱ ፋሲካ ምርጡን ዘር በአሥራ ሁለት ብልት እየከፈለ ድስት ውስጥ ይከተዋል። አናቱን እስከ ዛሬ ድርብ ያቆየው፣ በእኔ ግምት፣ የእኛ ጥበብ አይደለም።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ለጅማና ለዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች የውጭ ዝርያዎች መጡ፤ ነጩ ሌግሆርን አንዱ ነበር። እንቁላሉ ብዙ ነው። ነጭነቱ ግን ጥቁሩን ላባ የሚያሸንፍ ሆነ፤ ገበሬው ደግሞ ነጭ ዶሮ ለጭልፊት ከሩቅ ይታያል ይላል። የአዲስ አበባዋ ባለሙያ ሴትም «የፈረንጅ ዶሮ» ብላ ለዶሮ ወጥ ናቀችው። እኔ ሁለቱንም አልነቅፍም፤ ሆኖም ደብረ ዘይት ያሉት ተመራማሪዎች በ2000 ዓ.ም. የጀመሩት ሥራ ይበልጥብኛል። የወለጋውን የሆሮ ዶሮ ወስደው፣ በእንቁላሉና በክብደቱ የበለጠውን ከእርድ አድነው ለዘር አስቀሩት። አያቴ የምታውቀውን ምርጫ ይዘው መጨረሻውን ብቻ ገለበጡት።

ዶሮ የገዛንበት ተራ ዛሬ የለም። ከእኛ ሰፈር አጠገብ የነበረው ዶሮ ማነቂያም በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ። ባለፈው ፋሲካ ከእናቴ ጋር ሾላ ገበያ ወረድኩና አንዱን አውራ አገላብጬ አየሁት፤ ቀይ፣ ድርብ፣ እግሩ ቢጫ። ከየት እንደመጣ፣ እናቱ ምን ዓይነት እንደነበረች ስጠይቅ ነጋዴው ተገረመ፤

«ወንድሜ፣ ጫጩት ልታስፈለፍልበት ነው እንዴ?»

እናቴ ከኋላዬ ሳቀች። ሽንኩርቱ ከጠዋት ጀምሮ እሳት ላይ ነበር፤ ቢላዋውንም ራሴ ስዬው ነው የወጣሁት። ሒሳቡን ከፍለን፣ እግሩን አስረን ታክሲ ያዝን።