ሞንሮቪያ፦ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስም በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ

የላይቤሪያ ዋና ከተማ ሞንሮቪያ ስያሜዋን ያገኘችው ከአምስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከጄምስ ሞንሮ ሲሆን፣ ከዋሽንግተን በስተቀር በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስም የሚጠራ ሌላ የአገር ዋና ከተማ በዓለም ላይ የለም። ሞንሮ ግን አፍሪካን ረግጦ አያውቅም፤ ስሙ እዚያ ድረስ የዘለቀበት ምክንያት የሚገኘው ከ1817 እስከ 1825 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዘለቀው የሥልጣን ዘመኑ ፖለቲካ ውስጥ ነው።

ከተማዋ የተቆረቆረችበት ወደ ባሕር የገባ ኮረብታማ የምድር ጫፍ ቀደም ሲል ስም አጥቶ የኖረ አልነበረም። ደይ እና ባሳ ከመሳሰሉት ሕዝቦች ጋር የተሳሰረው ይህ ስፍራ በአካባቢው ሰዎች ዘንድ ዱኮር ይባል የነበረ ሲሆን፣ ጠረፉን ተከትለው የመጡት የፖርቱጋል መርከበኞች ደግሞ ሜሱራዶ የሚለውን ስም ሰጥተውታል።

የሞንሮ እጅ ጥቁሮችን ከአገር ወደ ውጭ በመላክ ጉዳይ ውስጥ የገባው ፕሬዚዳንት ከመሆኑ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። በ1800 የቨርጂኒያ ገዢ ሳለ፣ በባርነት የተያዘ ገብርኤል የተባለ ቀጥቃጭ በሪችመንድ ከተማ ያቀደው አመፅ ተደርሶበት ከሃያ በላይ ሰዎች በስቅላት ተቀጡ። ከዚያ በኋላ የግዛቲቱ ምክር ቤት ለሥርዓቱ ያሰጋሉ የሚላቸውን ጥቁሮች ወደ ውጭ የሚልክበት መሬት እንዲፈለግ ሞንሮ ከፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ጋር እንዲጻጻፍ ጠየቀው፤ ሞንሮም ራሱ የባሪያ ጌታ ነበርና ጥያቄውን ተቀብሎ ተጻጻፈ። ጥቁሩን ከአገር በማራቅ የባርነትን ሥርዓት ከስጋት መጠበቅ የሚለው ሐሳብ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አብሮት ኖሯል ማለት ይቻላል።

በሞንሮ ፕሬዚዳንትነት ዘመን የአሜሪካ ድንበር በፍጥነት እየሰፋ ነበር። ፍሎሪዳ በ1819 ከስፔን ጋር በተፈረመና በ1821 በጸና ውል ወደ አሜሪካ ተጠቃለለች፤ ሚሲሲፒና አላባማ ግዛት ሆነው ኅብረቱን ተቀላቀሉ፤ የጥጥ እርሻም በእነዚህ አዳዲስ መሬቶች ላይ ባርነትን አስፋፋ። በ1820 የተደረሰው የሚዙሪ ስምምነት፣ ማለትም ሚዙሪ ባርነት የተፈቀደባት፣ ሜይን ደግሞ የተከለከለባት ግዛት ሆነው እንዲገቡ የወሰነው ድርድር፣ ጠቡን ለጊዜው አበረደው እንጂ አላጠፋውም። በዚሁ ዓመት ከ230 ሺህ በላይ የነበሩት ነጻ ጥቁሮች በባሪያ ጌቶች ዓይን ለአመፅ ምሳሌ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ።

በታኅሣሥ 1816 በዋሽንግተን የተመሠረተው የአሜሪካ የሠፈራ ማኅበር እነዚህን ሰዎች ወደ አፍሪካ ለመላክ የቆመ ድርጅት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሊቀ መንበሩ የጆርጅ ዋሽንግተን የወንድም ልጅ ቡሽሮድ ዋሽንግተን ነበር። በማኅበሩ ውስጥ ባርነትን የሚጠሉ ሃይማኖተኞች መኖራቸው እውነት ነው፤ ሆኖም ይላካሉ የተባሉትን ሰዎች ፈቃድ አስቀድሞ የጠየቀ አልነበረም። በጥር 1817 በፊላደልፊያ የተሰበሰቡ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ጥቁሮች ዕቅዱን በአንድ ድምፅ መቃወማቸው ከማኅበሩ ታሪክ ጋር ሁልጊዜ አብሮ መነገር ይገባዋል።

ማኅበሩ ሐሳብ እንጂ በቂ ገንዘብ አልነበረውምና ወሳኙ እርምጃ የመጣው ከሞንሮ ነው። ኮንግረስ በመጋቢት 1819 ባወጣው ሕግ፣ ከሕገ ወጥ የባሪያ መርከቦች የሚያዙ አፍሪካውያንን ወደ አህጉራቸው ለመመለስ 100,000 ዶላር ፈቀደ። ይህ ገንዘብ ሠፈራ ለመመሥረት ይውላል ወይስ አይውልም በሚለው ነጥብ ላይ የመንግሥቱ ሹማምንት ተከራከሩ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ሕጉ መሬት ለመግዛት ሥልጣን አይሰጥም ሲል፣ ሞንሮ በመጨረሻ ሕጉን አስፍቶ ተርጉሞ መርከብና የመንግሥት ወኪሎች እንዲላኩ ወሰነ። በ1820 ኤልዛቤት በተባለች መርከብ ተጉዘው በሸርብሮ ደሴት ካረፉት የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች በርካታዎቹ በትኩሳት በሽታ ሞቱ። በታኅሣሥ 1821 የባሕር ኃይል መኮንኑ ሮበርት ስቶክተንና የማኅበሩ ወኪል ኤሊ አየርስ ሜሱራዶን ሊገዙ መጡ፤ አሜሪካውያን ንጉሥ ፒተር ይሉት የነበረው ዞሉ ዱማ መሬቱን ለመስጠት ሲያመነታ ስቶክተን ሽጉጥ እንደደገነበት ይተረካል። የተከፈለውም ባሩድ፣ ትምባሆ፣ ጨሌና አረቄ የመሳሰለ፣ ዋጋው ከ300 ዶላር ያልበለጠ ዕቃ ነበር። ይህን በነጻ ፈቃድ የተደረገ ሽያጭ ብሎ መጥራት አይቻልም፤ የአካባቢው ሰዎችም ውሉን እንዳልተቀበሉት በ1822 መጨረሻ በሰፋሪዎቹ ላይ ባነሡት ጦርነት አሳይተዋል።

ሠፈሩ መጀመሪያ ክሪስቶፖሊስ፣ ማለትም የክርስቶስ ከተማ፣ ተብሎ ነበር። በ1824 ግን የቀድሞው የሜሪላንድ ሴናተር ሮበርት ጉድሎ ሃርፐር ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ ማኅበሩ አገሩን ነጻ ከሚለው የላቲን ቃል ወስዶ ላይቤሪያ፣ ከተማዋን ደግሞ ሞንሮቪያ አላት። ሁለተኛው ስያሜ በግልጽ የውለታ መክፈያ ነው፤ ያለ ፕሬዚዳንቱ የሕግ አተረጓጎም ማኅበሩ መርከብም መሬትም ባላገኘ ነበር። ጊዜውም ልብ ሊባል ይገባል፦ ሞንሮ የአውሮፓ መንግሥታት በአሜሪካ አህጉራት አዲስ ቅኝ ግዛት እንዳይመሠርቱ ያስጠነቀቀው በታኅሣሥ 1823 ሲሆን፣ በተከታዩ ዓመት የእርሱ ስም ከአትላንቲክ ማዶ በሌሎች ምድር ላይ ተተከለ።

ላይቤሪያ ነጻነቷን በሐምሌ 1847 ስታውጅ ዋና ከተማዋ ስሟን አልለወጠችም። የደቡብ ግዛቶች ተወካዮች ጥቁር አምባሳደር በዋሽንግተን እንዲቀመጥ ስላልፈለጉ፣ አሜሪካ ለአዲሲቱ አገር ዕውቅና የሰጠችው በ1862 በአብርሃም ሊንከን ዘመን ነው። የሰፋሪዎቹ ዘሮችም በተራቸው ነባሮቹን ሕዝቦች ከሥልጣን አግልለው እስከ 1980 መፈንቅለ መንግሥት ድረስ ገዝተዋል። ስሙ ከሞንሮ ጋር ያልተያያዘ ትርጉም ያገኘው በ1961 ነው፤ በዚያ ዓመት ኢትዮጵያን ጨምሮ የአፍሪካ መንግሥታት በከተማዋ ካደረጉት ጉባኤ በኋላ የሞንሮቪያ ቡድን የሚባለው ወገን ተፈጠረ፤ ይህ ወገን ተፎካካሪው ከነበረው የአፍሪካ መንግሥታት የካዛብላንካ ቡድን ጋር በ1963 አዲስ አበባ ላይ ተገናኝቶ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረተ።