የነዳጅ ትነት ሽንቁር
በቤንዚን መኪና፣ ከታንክ የሚነሣው ትነት ወደ አየር እንዳይወጣ በሚይዘው ሥርዓት ላይ የሚፈጠር ቀዳዳ። ትነቱ በከሰል በተሞላ ዕቃ ተይዞ ይቆይና ሞተሩ ሲሠራ በቫልቭ ተስቦ ይቃጠላል።

ኮምፒውተሩ ሥርዓቱን ዘግቶ ግፊቱን ይለካል፤ ቀዳዳው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ፒ0442፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲሆን ፒ0456 የተባለውን ኮድ መዝግቦ የ«ቼክ ኢንጂን» መብራት ያበራል። መኪናው እንደ ወትሮው ስለሚሄድ ብዙ ሹፌር መብራቱን ይንቃል።

ሙከራው ሁልጊዜ አይካሄድም። ሞተሩ አድሮ መቀዝቀዝ አለበት፤ ታንኩም ሙሉ ወይም ባዶ መሆን የለበትም። ከፍታም ይወስነዋል፤ የአሜሪካ ደንብ ከ2,400 ሜትር ገደማ በላይ ሙከራውን መዝለል ይፈቅዳል። ለዚያ ገበያ የተሠራ መኪና 1,300 ሜትር አካባቢ ባለችው ሴቻ መብራቱን ሊያበራ፣ ከዚያ ወሰን በላይ ወዳለችው ጨንቻ ሲወጣ ግን ሙከራውን ሊያቆም ይችላል፤ ሽንቁሩ እዚያው ነው።

ፍለጋው ከነዳጅ ክዳኑ ይጀመር፤ የደረቀ የጎማ ቀለበት በርካሽ የሚጠገን ጥፋት ነው። ቀጥሎ ቱቦዎቹና ቫልቮቹ ይታያሉ። በዓይን የማይገኘውን የሚያጋልጠው የጭስ ማሽን ነው፤ ግፊቱ ከ1 ፒኤስአይ መብለጥ የለበትም። የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ሥርዓቱን ራሱን ሊሰብር ይችላል።