እብናት፣ ረሃብና የእድገት ሆርሞን

«ቲቸር፣ ቁመት የሚጨምርና ጡንቻ የሚያወጣ ፔፕታይድ የሚባል መርፌ አለ፤ እውነት ነው?» የምትሉኝ በዝታችኋል። መልሱ ከእኛው አገር ታሪክ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

ሚያዝያ 1977 ዓ.ም. እብናት መጠለያ ጣቢያ ረሃብ ያፈናቀለው በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሰፍሮ ነበር። በዚሁ ወር የደርግ ወታደሮች ሕፃንና በሽተኛ ሳይለዩ በግድ አስወጡት፤ ጎጆዎቹንም አቃጠሉ።

በዚያው ወር አሜሪካ ውስጥ ከሞቱ ሰዎች የፒቱታሪ እጢ ይወጣ የነበረው የእድገት ሆርሞን መሰጠቱ ቆመ። ቀደም ሲል የወሰዱ ወጣቶች አንጎልን በሚያበላሽ በሽታ ሞተው ነበር። ከወራት በኋላ በላቦራቶሪ የተሠራው ሆርሞን ተፈቀደ።

ሌሎች ተመራማሪዎች ግን ሰውነት ሆርሞኑን ራሱ እንዲለቅ የሚቀሰቅሱ አጫጭር የፕሮቲን ሰንሰለቶችን ሲፈልጉ ቆይተዋል። ፔፕታይድ የምትሏቸው እነዚህን ነው። ሳይረል ባወርስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሰው ሠራሽ የሆኑትን መሥራት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ጃፓኖቹ ኮጂማና ካንጋዋ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራውን አገኙ፤ ስሙን ግሬሊን አሉት። የት አገኙት? ጨጓራ ውስጥ! የሚበዛውም ሲርበን ነው።

ታዲያ ረሃብ የእድገት ሆርሞን የሚያስለቅቅ ከሆነ የተራበ ልጅ ለምን አያድግም? ሆርሞኑ እኮ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን ተቀብሎ አጥንት የሚያሳድገውን አይ ጂ ኤፍ 1 የሚያመርተው በዋናነት ጉበት ነው። ምግብ ከሌለ ጉበት ትእዛዙን አይሰማም። ለዚህ ነው ክፉኛ በተራቡ ሕፃናት ደም ውስጥ ሆርሞኑ ከፍ ብሎ፣ እድገታቸው ግን ቆሞ የሚገኘው። የጎደለው ትእዛዝ አይደለም፤ እህል ነው።

ነገሩ በ1977 አላበቃም። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት በሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ቃል ገባ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ግን በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 41 ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ።

እናንተ ደግሞ ስሙኝ፦ የአጥንታችሁ ማደጊያ ጫፍ ከተዘጋ በኋላ የትኛውም ፔፕታይድ ቁመት አይጨምርም። ሯጮች ከሆናችሁ ደግሞ እነዚህ ነገሮች በዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ሕግ የተከለከሉ ናቸው። በቃ፣ ገንዘቡን ሽሮና እንቁላል ግዙበት፤ ለታናናሾቻችሁም አካፍሉ።

የእብናትን ጣቢያ የምታስታውሱ አባቶችና እናቶች ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ልጆች ይማሩበት።