ከዓድዋ በፊት የነበሩት ድሎች

የካቲት 23 ሲደርስ አገር በሙሉ ዓድዋን ያነሳል። ጉንደትና ጉራ ግን የራሳቸው ብሔራዊ በዓል የላቸውም።

ሁለቱም ውጊያዎች የተካሄዱት በ1868 ዓ.ም. ነው። የግብፁ ገዥ ከዲቭ እስማኤል ግዛቱን ለማስፋት ጦሩን በምጽዋ በኩል አዘመተ። ኅዳር ላይ ዴንማርካዊው መኮንን አረንድሩፕ የመራው ጦር ጉንደት ላይ ተደመሰሰ፤ አዛዡም እዚያው ወደቀ። በቀል ፍለጋ የመጣው ሁለተኛው ጦር እጅግ ይበልጥ ነበር። ከዋና አዛዡ ከራቲብ ፓሻ ጋር፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለደቡቡ ወገን የተዋጋው ጄኔራል ሎሪንግ ተሰልፏል። ጉራ ላይ ምሽግ ሠሩ። ከፊሉ ጦር ከምሽጉ ወጥቶ ሜዳ ላይ ሲሰለፍ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ከብቦ መታው፤ ብዙ ጠመንጃና መድፍም ማረከ።

ታዲያ ለምን ተዘነጉ? ንጉሠ ነገሥቱ በ1881 መተማ ላይ ወደቁና ዙፋኑ ወደ ሸዋ ዞረ። ሁለቱ የጦር ሜዳዎች ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ናቸው። ዓድዋ ደግሞ አውሮፓዊ ኃይል የተሸነፈበት ስለሆነ ዓለምን አነጋገረ። ይህ ሁሉ ምክንያት ቢሆንም፣ የጉራ ዘማቾች ከመማሪያ መጽሐፍ ጥቂት መስመር በላይ ይገባቸዋል።

ድሉ ያስገኘው የዲፕሎማሲ ፍሬም ዘግይቶ መጣ፤ በ1876 ዓድዋ ላይ በተፈረመውና በእንግሊዛዊው መልእክተኛ በሂወት ስም በሚጠራው ውል ግብፅ የያዘችውን የቦጎስን ግዛት ለመመለስ ተስማማች። ምጽዋን ግን በ1877 ጣሊያኖች ያዟት።