ከኤል ዓሊ እስከ ግረኖብል፦ ጨረር በብረትና በኒኬል ውስጥ

ሐርጌሳ በ1988 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን ስትደበደብ ዘፈንና ግጥም የተቀዳባቸውን ካሴቶች ደብቀው ያተረፉ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ የከተማዋ የባህል ማዕከል እንዲህ ያሉ ካሴቶችን በሺዎች ሰብስቦ ይጠብቃል። ሶማሊኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዕውቀቱን በዜማ አድርጎ ለልጅ ልጅ ያወርሳል። ከሐርጌሳ በስተደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሶማሊያ ሂራን ክልል ኤል ዓሊ አጠገብ የነበረው ግዙፍ የሰማይ ድንጋይ (ሜትዮራይት)ም የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው። ግመል አርቢዎቹ «ሺድ ቢሮድ» እያሉ ከአምስት እስከ ሰባት ትውልድ በዘፈንና በግጥም አንስተውታል፤ ቢላም ስለውበታል። የሳይንስ ሰዎች ማንነቱን ያረጋገጡት ግን በቅርብ ነው። ክብደቱ ከ15 ቶን ይበልጣል፤ አካሉ በአብዛኛው ብረትና ኒኬል ነው።

ይህ ቅይጥ በሰማይ አካል ውስጥ ሲቀዘቅዝ በሚሊዮን ዓመት የሚወርደው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ሊሆን ይችላል። ብረቱና ኒኬሉ እኩል በሆኑበት ክፍል፣ ሙቀቱ ከ320 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ፣ አቶሞቹ ተራ ይይዛሉ፦ አንድ ረድፍ ብረት፣ አንድ ረድፍ ኒኬል። ቅይጡም ብርቱ ማግኔት ይሆናል። ችግሩ በዚያ ሙቀት አቶም ከቦታው የሚንቀሳቀሰው እጅግ አልፎ አልፎ መሆኑ ነው፤ በምድር ላይ የትኛውም ምድጃ ያን ያህል ዘመን አይጠብቅም።

ይህን የሚያፋጥነው መንገድ የተገኘው በፈረንሳይ፣ በግረኖብል ነው። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ሉዊ ኔል፣ ፖሌቬና ባልደረቦቻቸው በ1960ዎቹ መጀመሪያ እኩል ብረትና ኒኬል ያለበትን ቅይጥ በማግኔት መስክ ውስጥ አኑረው፣ ወደ 300 ዲግሪ እያሞቁ በኒውትሮን ደበደቡት። አቶሞቹም ተራ ያዙ። የሚደንቀኝ ቅደም ተከተሉ ነው፤ በሜትዮራይት ውስጥ ይህ ሥርዓት መኖሩ የታወቀው ከዚያ በኋላ፣ በ1970ዎቹ ነበር። ተራ የያዘው ቅይጥ ቴትራቴናይት የሚለውን ስም ያገኘው ደግሞ በ1980 ነው።

አጥፊ የምንለው ጨረር እንዴት ሥርዓት ይሠራል? ፈጣን ኒውትሮን አንዱን አቶም ገጭቶ ከቦታው ያስወጣል፤ የተገጨው ሌላውን፣ ሌላውም ሌላውን ይገጫል፤ ሁሉም ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ ቦታ ያገኛሉ። የቀሩት በሌሎች አቶሞች መካከል ይወሸቃሉ፣ በኋላቸውም ባዶ ቦታ ይተዋሉ። ጎረቤት አቶም የሚንቀሳቀሰው በዚያ ባዶ ቦታ ነው። ባዶው ሲበዛ እንቅስቃሴው ይፈጥናል፤ ቅይጡም ወደሚስማማው አቀማመጥ ይደርሳል። ሙቀቱ በጣም ዝቅተኛ ከሆነ ግን ግጭቱ ያንኑ ሥርዓት መልሶ ያፈርሳል።

እነዚያው ባዶ ቦታዎች ሲጠራቀሙ ጉዳት ያመጣሉ። በ1967 ኮውቶርንና ፉልተን የተባሉ ተመራማሪዎች በስኮትላንድ የዱንሬይ ፈጣን የኒውክሌር ሪአክተር ውስጥ የቆየ የማይዝግ ብረት መርምረው በውስጡ ጥቃቅን ክፍተቶች አገኙ፤ ብረቱ ከውስጥ ያብጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ምርምሮች የኒኬሉ መጠን ወደ 40 በመቶ ሲጠጋ እብጠቱ እንደሚቀንስ ታይቷል፤ የሪአክተር ብረት የሚመርጡ መሐንዲሶችም ኒኬሉን በጥንቃቄ ይመጥናሉ።

ወደ ኤል ዓሊ ስንመለስ፣ በካናዳ ላለው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ከድንጋዩ የደረሰው 70 ግራም ቁራጭ ነው። ከዚያች ቁራጭ በ2022 በተፈጥሮ ታይተው የማይታወቁ ማዕድናት መገኘታቸው ተነገረ፤ አንዱ ኤልአሊያይት ተባለ። ዋናው አካል ገዢ ፍለጋ ወደ ቻይና መወሰዱም ተዘገበ። እኔ ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የእንዲህ ያለ ብረት የአቶም ተራ ስንት ሚሊዮን ዓመት እንደቀዘቀዘ ይናገራል፤ በጉዞው የወረደበት የኅዋ ጨረርም በውስጡ አሻራ ይተዋል። ይህን ለማንበብ ከተለያየ ጎኑ የተቆረጡ ተጨማሪ ቁራጮች ያስፈልጋሉ፤ ድንጋዩ በግለሰብ እጅ ከገባ ያን የሚፈቅደው ገዢው ብቻ ነው። ዘፈኑን የጠበቁት እረኞች ልጆች ድንጋዩን በአገራቸው ሙዚየም ማየት፣ ቁራጩንም በራሳቸው ዩኒቨርሲቲ መመርመር ይገባቸዋል።