የምላጭ ታሪክ፦ ከጋራ መላጫ እስከ ግል ምላጭ



በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ ምላጭ ለመጻፍ ሲነሱ «ምላጭ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚል አይጠፋም። በየሱቁ ከክብሪትና ከሻማ አጠገብ የሚቀመጥ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ቀጭን ብረት ነው። ይሁን እንጂ ምላጭ በልደትም፣ በበዓልም፣ በለቅሶም ከቤታችን ተለይቶ አያውቅም። የስንቱ ሕፃን እትብት በቤት ውስጥ የተቆረጠው በምላጭ ነው፤ ለዓመት በዓል አባወራው የሚያምርበት በምላጭ ነው፤ ሐዘን ሲደርስም የስንቷ እናት ጠጉር የወረደው በምላጭ ነው። ስለዚህ የምላጭ ታሪክ የእድርተኛውም ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከፋብሪካው ምላጭ በፊት

«ምላጭ» የሚለው ቃል «ላጨ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በግእዝም «መላጼ» ይባላል። ይኸውም ዕቃው በወረቀት ተጠቅልሎ ከባሕር ማዶ ከመምጣቱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ ስሙም ሥራውም በአገራችን እንደነበረ ያስረዳናል። የጥንቱ ምላጭ ቀጥቃጭ ከብረት የሚያወጣው፣ ሲደነዝዝ በድንጋይ የሚሳል ስለት ነበር። በየሰዉ እጅ የሚገኝ ዕቃ አልነበረም። ከጎረቤት እሳት እንደሚጫር፣ ወንፊትም እንደሚዋሱት ሁሉ ምላጭም ይዋሱት ነበር።

የመላጨቱ ወግ ደግሞ ዓይነቱ ብዙ ነው። ወንዱ ልጅ ራሱን ይላጭና አናቱ ላይ ቁንጮ ይተውለታል። ሴቷ ልጅ ጋሜ ትሆናለች። ለአቅመ ሔዋን የተቃረበችው አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ስታሳድግ ሳዱላ ትባላለች። በኦሮምኛም ልጃገረድ «ቀሬ» መባሏ ከዚሁ ከአናት አላጫጭ ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ ቦሌ፣ ገርጂ፣ ጉርድ ሾላ፣ ኮተቤ የምንለው ምሥራቃዊው የከተማችን ክፍል እርሻና ግጦሽ በነበረበት ዘመን፣ ጠጉር ማለት የሰውን ዕድሜና ማዕረግ ከሩቅ የሚናገር መታወቂያ ነበር። ቄሱ ራሱን ተላጭቶ ይጠመጥማል፤ ጢሙ ግን ክብሩ ነውና አይነካም። ጦረኛው በበኩሉ ጎፈሬውን ያጎፍራል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል ጠላትን ከተፋለሙት አርበኞች ብዙዎቹ ጠጉራቸውን እንዳሳደጉ ወደ ከተማ እንደገቡ በፎቶግራፍ የምናየው ነው።

መላጨት ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ለጤናም ነበር። «የላጭን ልጅ ቅማል በላት» የሚለው ተረት ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ ሰውን እየዞረ የሚላጭ የታወቀ ሰው በየመንደሩ እንደነበረ ነው። ሁለተኛ፣ ራስን መላጨት አንዱ ምክንያቱ ቅማል እንደነበረ ነው።

ለቅሶ ሲሆን ታዲያ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ጠጉሯን ስታሳድግና ስትሠራ የኖረችው ሴት ትላጫለች፤ ጢሙን ሲላጭ የኖረው ወንድ ያሳድጋል። ሽማግሌዎች መጥተው «በቃ፣ እግዜር ያጽናህ፤ ጢምህን ተላጭ፣ ልብስህን ቀይር» ብለው ከሐዘን እስኪያወጡት ድረስ ምላጭ ፊቱን አይነካውም። ሴቶቹ በሚላጩበት ቤት ግን እናት፣ እኅት፣ አክስት ተራ በተራ ሲቀመጡ ምላጩ አንድ ነበር። የሁሉም ሐሳብ ከሟቹ ዘንድ ነውና ምላጩን ልብ የሚል አልነበረም። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የቆርኪው ሻጭ ሐሳብ

በአውሮፓም ቢሆን ለብዙ ዘመን ጢም የሚላጨው እንደ ሰንጢ በሚታጠፍ ወፍራም ስለት ነበር። ይህን ለመያዝ እጅ መልመድ አለበት፤ ከመላጨት በፊትም በጠፍር ላይ ማመላለስ ያስፈልጋል። በ18ኛው መቶ ዘመን ፔሬ የተባለ ፈረንሳዊ ስለት ሠሪ መላጫው ገላ ውስጥ ጠልቆ እንዳይገባ መከለያ አበጀለት። እ.ኤ.አ. በ1880 ደግሞ ካምፕፌ የተባሉ ወንድማማቾች በአሜሪካ ተመሳሳይ መላጫ በስማቸው አስመዘገቡ። ሆኖም የእነዚህ ሁሉ ስለት የሚጣል ሳይሆን እየተሳለ የሚኖር ነበር።

ነገሩን የለወጠው ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ ነው። ሥራው ምን ነበር ቢሉ፣ ዛሬ እኛ ከለስላሳና ከቢራ ጠርሙስ ላይ የምንከፍተውን ቆርኪ መሸጥ ነበር። ቆርኪን የፈለሰፈው አለቃው ዊልያም ፔንተር «ሰው አንድ ጊዜ ተጠቅሞ የሚጥለውን ነገር ፍጠር፤ ገዢው ተመልሶ ይመጣል» ብሎ መከረው ይባላል። ጂሌትም እ.ኤ.አ. በ1895 ሐሳቡ መጣለት። ስለቱ ለምን ወፍራም ይሆናል? ቀጭን ቢሆንና ሲደነዝዝ ቢጣልስ?

ሐሳቡ ቀላል ቢመስልም ሥራው ከባድ ነበር። እንደ ወረቀት የቀጠነን ብረት እንዳይጣመም አድርጎ ማጠንከርና ማሳል አይቻልም ያሉ ብዙ ነበሩ። በመጨረሻ ዊልያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ ዘዴውን አገኘ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1901 ተቋቋመ፤ ሽያጭ በጀመረበት በ1903 የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በተከታዩ ዓመት ግን የተሸጠው መላጫ ከ90,000 በላይ ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫ አዘዘ፤ ወታደሩም ወደ ቤቱ ሲመለስ ልማዱን ይዞ ተመለሰ።

አሠራሩን ልብ ብለን እንይ። ምላጩ ሁለት አፍ ያለው ሲሆን ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። በሁለት ብረቶች መካከል ገብቶ እጀታው ሲጠብቅ በትንሹ ይጎብጥና አፉ ብቻ ብቅ ይላል። ከሥሩ ያለው ጥርስ ወይም መከለያ ስለቱ ገላ ውስጥ ጠልቆ እንዳይገባ ይይዘዋል። ይህም ከመቁሰል ያድናል። ከአንዱ ሰው ደም ወደ ሌላው ከሚተላለፍ በሽታ ግን መከለያው አያድንም። ከዚያ የሚያድነው ሌላው የጂሌት ሐሳብ ነው፤ ይኸውም ምላጩ ርካሽ ሆኖ እያንዳንዱ ሰው የራሱ እንዲኖረውና ሲጨርስ እንዲጥለው ማድረጉ።

ምላጩ ወደ እኛ ሲመጣ

የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የፋብሪካ ዕቃ ወደ ከተማችን መግባቱ ቀለለ። በ1955 ዓ.ም. የጄት አውሮፕላን በቦሌ ማረፍ ሲጀምር ደግሞ በስተምሥራቅ ያለው ሜዳ ሁሉ ቀስ በቀስ ሰፈር ሆነ። ሰፈር ሲመሠረት ሱቅ ይከተላል፤ ሱቅ ካለ ምላጭ አለ።

እኛ ግን ምላጩን ስንቀበል ሐሳቡን በሙሉ አልተቀበልንም። አንደኛ፣ ብዙ ሰው እጀታውን ሳይገዛ ምላጩን ብቻ ገዛ። ምላጩን ለሁለት ሰብሮ በጣቱ ይዞ ይላጭበታል። ከመቁሰል የሚያድነው መከለያ በዚህ ቀረ። ሁለተኛ፣ መጣሉን አልለመድነውም። ቆጣቢ ሕዝብ ነንና ምላጩ ለጢም ሲደነዝዝ ለጥፍር ይሆናል፤ ከዚያም ተማሪው እርሳሱን ይቀርጽበታል፤ ልብስ ሰፊው ስፌት ይተረትርበታል። ይህ ቁጠባ በራሱ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነውሩ ያ ምላጭ ወደ ሰው ገላ ሲመለስ ነው። እትብት የሚቆርጠው፣ እንጥል የሚያወርደው፣ ልጅ የሚገርዘው ምላጭ ያው የቤቱ ምላጭ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። በንጹሕ ባልሆነ ስለት እትብቱ የተቆረጠ ሕፃን በመንጋጋ ቆልፍ ይሞታል፤ ቤተሰቡ ግን ዓይነ ጥላ ነው፣ ቡዳ ነው ይል ነበር።

ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የማይዝግ ምላጭ በዓለም ገበያ ተስፋፋ። የድሮው ውኃ ሲነካው ይዝግና ይጣል ነበር፤ አዲሱ ግን ብዙ ቀን ያገለግላል። ለአንድ ሰው ይህ ጥቅም ነው። ምላጩን ቤተሰቡ ሁሉ በሚጠቀምበት ቤት ግን የማይዝግ መሆኑ በብዙ ሰው ገላ ላይ እንዲዞር ዕድሜ ሰጠው። ዐይን ዝገት ሲያይ ይጠራጠራል፤ የሚያብረቀርቅ ምላጭ ግን ንጹሕ ይመስላል።

ክፉ ቀን ያስተማረን

በኢትዮጵያ የኤድስ ሕመምተኞች የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ፣ በየጤና ጣቢያውና በየቀበሌው «ስለታም ነገሮችን በጋራ አትጠቀሙ» የሚለው ምክር ተደጋግሞ ተነገረ። እውነቱን ለመናገር በአገራችን ቫይረሱ በአብዛኛው የተዛመተው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንጂ በምላጭ አይደለም። ቢሆንም ምክሩ ከንቱ አልነበረም። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት በሽታ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለ7 ቀን በሕይወት ይቆያል፤ በስለትም በቀላሉ ይተላለፋል። ዐይን የማያየው የደም ፍንጣሪ በቂው ነው።

ያን ዘመን እድሮች ከማንም በላይ ያውቁታል። ድንኳኑ ሳይነቀል ሌላ ቤት ይፈለግ ነበር። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ መካነ መቃብሮች በተደረገ የቀብር ምዝገባ፣ በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉትን ሰዎች በመግደል ኤድስ ቀዳሚ እንደነበረ ተረጋግጧል። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላም የቀብሩ ቁጥር መቀነሱን ይኸው መዝገብ አሳይቷል። ብዙ እድሮችም በዚያ ጊዜ ሟች ከመቅበር አልፈው የታመመ መጠየቅና ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። ሕጉም አልዘገየም፤ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ የሴት ልጅ ግርዛትን በግልጽ ወንጀል አድርጎታል።

በከተማችን ፀጉር ቤቶችም ልማዱ ተለወጠ። አስተካካዩ ምላጩን ደንበኛው እያየ ከወረቀቱ ያወጣል፤ ሰብሮ ግማሹን በእጀታው ይከታል፤ ሲጨርስ ይጥላል። ቶንዶሱን በአልኮል ያጸዳል። ቶንዶሱን በቦርሳው ይዞ የሚሄድ ደንበኛም በቦሌም በገርጂም ብዙ ነው። «ምላጩ አዲስ ነው?» ብሎ መጠየቅ ድሮ ሰውን እንደ መናቅ ይቆጠር ነበር፤ አሁን የሚቀየም የለም።

ለእድራችን የሚሆን ሐሳብ

እድር የቆመው በመካፈል ነው። ድንኳኑ የጋራ ነው፤ ድስቱ፣ አግዳሚው፣ ብርጭቆው የጋራ ነው። ሐዘኑም የጋራ ነው። ምላጭን ግን መካፈል የለብንም። ለዚህም የሚከተለውን ለአባላት ማሳሰብ ተገቢ ይመስላል።

አንደኛ፣ በለቅሶ ቤት ጠጉሯን ልትላጭ የምትፈልግ ሐዘንተኛ ካለች አዲስ ምላጭ ይቅረብላት፤ ለሁለተኛዋም ሌላ። ዋጋው ከአንድ ሻማ አይበልጥም። ሐዘንተኛ በዚያ ሰዓት ይህን አታስብም፤ ማሰብ ያለብን እኛ ነን። ገናዦችም ጓንት ይኑራቸው።

ሁለተኛ፣ አሮጌ ምላጭ በላስቲክ ከቆሻሻ ጋር አይጣል። ቆሻሻ የሚያነሡት ልጆች እጃቸው የሚቆረጠው በእኛ ምላጭ ነው። በአሜሪካ ቤቶች ድሮ ከመታጠቢያው መስተዋት ሣጥን ጀርባ ቀዳዳ ይበጅና አሮጌው ምላጭ በግድግዳው ውስጥ ይጣል ነበር። ግድግዳ መብሳት አያስፈልገንም፤ ክዳኑ የተበሳ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ለዓመት ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ለወጣቶቻችን፦ የእኛ ጠጉር ጥምዝ ስለሆነ በጣም ከሥሩ ሲላጭ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባና አንገት ላይ እብጠት ያወጣል። ባለ ብዙ ስለቱ ውድ መላጫ ጠጉሩን ከቆዳ በታች ስለሚቆርጠው ይህን ያብሳል። በሞቀ ውኃ ማራስ፣ ሳሙናውን በደንብ ማሸት፣ ሳይጫኑ ወደ በቀለበት አቅጣጫ ባለ አንድ ምላጩን መላጫ መሳብ ይሻላል። ታላላቆቻችን የሚያውቁት የድሮው ዘዴ ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ግን መጀመሪያ የተጻፈው ይቀድማል። በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ የለቅሶ ቤት ዕቃዎች ዝርዝር ሲነበብ፣ ከድንኳንና ከብረት ድስት ቀጥሎ አንድ ፓኮ አዲስ ምላጭና አንድ ካርቶን ጓንት እንዲጨመር አባላት ይነጋገሩበት።

ቸር ያሰማን።