ቅርጫት ኳስና የጎልማሳ ሰው ጤንነት



ኳስ የልጅ መጫወቻ ነው የሚለው አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ከጽሕፈት ቤት ወጥቶ ወደ ኳስ ሜዳ የሚሄድ ጎልማሳ ሲታይ፥ ዕድሜውን እንደ ዘነጋ ሰው ይቈጠራል። ዛሬ ስለ ቅርጫት ኳስ ታሪክ የምንናገረው ይህ አሳብ ከታሪክ ጋራ የማይስማማ መሆኑን ለማስረዳት ነው።

አስቀድመን ከራሳችን እንጀምር። አባቶቻችን በታኅሣሥ ወር ገና ሲጫወቱ፥ ቈልማማ ዱላ ይዞ ሩር የሚያሳድደው ሕፃን ብቻ አልነበረም። ጌታውም አሽከሩም በአንድ ሜዳ ይሰለፉ ነበር። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የተባለውም ማዕርግ ለጊዜው ተረስቶ ጎልማሳው ሁሉ ሰውነቱን ያፍታታበት ስለ ነበረ ነው።

ቅርጫት ኳስም የተወለደው በዚያው በታኅሣሥ ወር፥ በ1884 ዓ.ም. ነው። በአሜሪካ አገር፥ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ፥ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት፥ ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል የ30 ዓመት መምህር 18 ተማሪዎች ነበሩት። እነዚህ ልጆች አልነበሩም፤ የማኅበሩ ጸሐፊዎች ለመሆን የሚሠለጥኑ ጎልማሶች ነበሩ። ክረምቱ ከቤት ስለማያስወጣቸው፥ በአዳራሽ ውስጥ የሚደረገውም ጂምናስቲክ ስለ ሰለቻቸው መምህሮቻቸውን አስቸግረው ነበር። ናይስሚዝ አዲስ ጨዋታ እንዲፈልግ የተሰጠው ጊዜ 14 ቀን ብቻ ነበር።

መምህሩ ያስተዋለው ነገር ይህ ነው፤ ሰው የሚጐዳው ኳስ ይዞ ሲሮጥና ሌላው ሊጥለው ሲታገል ነው። ስለዚህ ኳስ ይዞ መሮጥን ከለከለ። ግቡንም ከራስ በላይ፥ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ሰቀለው፤ ኳሱ በኀይል ሳይሆን በብልሃት እንዲወረወር ማለት ነው። የግቡም ዕቃ የኮክ ፍሬ መያዣ ቅርጫት ነበር። እንግዲህ ጨዋታው ከመጀመሪያው ለጎልማሳ ሰው ገላ ታስቦ የተሠራ ነው።

ይህ ጨዋታ በበርሊን ኦሊምፒክ በገባበት በ1928 ዓ.ም. አገራችን በወራሪ እጅ ነበረች። መርካቶም የዚያ ዘመን ትዝታ አለባት፤ ጣሊያኖች ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ ባዛወሩት ጊዜ የዛሬዋ አዲስ ከተማ ገበያ ተመሠረተች። ከነጻነት በኋላ ጨዋታው በትምህርት ቤቶችና በወወክማ ዘንድ ታወቀ፤ በ1954 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና የኢትዮጵያ ቡድን ተካፍሏል።

አሁን መርካቶን እንመልከት። ከራጉኤል እስከ ምናለሽ ተራ ሲንቀሳቀስ የሚውለው ተሸካሚው ነው፤ ባለሱቁ ከባንኮኒው፥ የመንግሥት ሠራተኛው ከጠረጴዛው አይነሣም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ መክሯል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን፥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ብዙ መቀመጥ ለልብ በሽታ፥ ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ በር ይከፍታልና ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹን ሳያሳድግ የሚወድቅ አባትና እናት ጉዳይ ነው።

ቦታ ጠበበን የሚል ቢኖር፥ በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የገባው የሦስት ለሦስት ጨዋታ መልስ ይሆነዋል። አንድ ቀለበትና የሜዳው እኩሌታ ይበቃል፤ ጨዋታውም በ10 ደቂቃ ወይም 21 ነጥብ በተሞላ ጊዜ ያበቃል። የምናለሽ ተራ የብረት ሠራተኛ ቀለበቱን ለመሥራት አያቅተውም፤ የትምህርት ቤት አለቆችም ቢፈቅዱ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ግቢያቸው ለሠፈሩ ሰው ሊጠቅም ይችላል።

ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመት የተቀመጠ ሰው በአንድ ቀን ጐረምሳ ልሁን አይበል። ሕመም ያለበት ሐኪም ያማክር፤ ሌላውም አስቀድሞ በእርምጃ ሰውነቱን ያሙቅ፥ ሲደክመውም ይረፍ። ውጤቱን መቍጠር ለሚወዱ እንተወው፤ የጎልማሳ ሰው ድል በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ሜዳ መገኘት ነው።